የኩባያዬ ልክ በግራም

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

እስከ ረፋድ፦ ዱቄት አርባ አንድ ኩባያ፣ ስኳር ሃያ ሁለት፣ ካካዎ ዘጠኝ፣ ዘቢብ አራት። ደህና ጠዋት ነው።

ከምሳ በፊት ከልኬት ቢሮ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ መጣ። ክራቫቱ ከእሱ ይከብዳል። ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ዱቄት፣ ስኳር፣ ካካዎ፣ ማንኛውም የሚሰፈር ነገር በኩባያ መሸጡ ቀርቶ በግራም ይሸጣል አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ኩባያ ሁሉ የየራሱ ሆድ አለው፤ ግራም ግን የትም ቢሄዱ ያው ግራም ነው፣ እማማ» አለ። ሸምድዶት ነው የመጣው። እማማ ያለኝን ግን አልወደድኩለትም፤ ሃምሳ አልሞላኝም።

ይህ ሰፈር ቤቱ መለኪያ የለውም። መለኪያው እኔ ነኝ። ኬክ የሚጋግር ሁሉ መጥቶ «ሦስት ዱቄት፣ ሁለት ስኳር፣ አንድ ካካዎ» ይለኛል። በየከረጢቱ እሰፍርለታለሁ፤ ቤቱ ገብቶ እንዳለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገለብጠዋል። መልሶ የሚሰፍር የለም። ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖርነው፤ አንድም ቀን ኬክ አልከዳንም።

ኩባያዋ ያቺው የቆርቆሮዋ ናት። ቂጧ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ወድቃ ይሆናል። ማን እንደጣላት አላስታውስም።

ጥቅምት 5

ጠዋት፦ ዱቄት ሃምሳ ሦስት ኩባያ። ሰው ሳይከለከል እየተሻማ ነው።

ሚዛን ገዛሁ። ቁጥሩ በቀይ የሚበራ። ባለቤቴ ምሳውን መዘነበት፣ በልቶ ሲጨርስ ደግሞ ባዶ ሳህኑን መዘነ፤ ከዚያ ቀንሶ «ይሄን ያህል በልቻለሁ» ብሎ ነገረኝ። ከሾፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ ይፈልጋል።

ጥቅምት 6፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ

የቢሮውን ትእዛዝ በደንብ አነበብኩት። ነጋዴ ሁሉ እስከ ዛሬ ሲሰፍርበት የኖረውን ኩባያ በየዕቃው ይመዝን፤ አንድ ኩባያ ስንት ግራም እንደሚሆን ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፤ ደንበኛው የለመደውን ወደ ግራም ይለውጥበት። ኩባያው የጠፋበት ነጋዴ ደግሞ ቢሮው ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ይለጥፍ።

ልመዝን ተቀመጥኩ። ዱቄቱን እንደ ልማዴ በወንፊት ነፋሁት። የተነፋ ዱቄት ያምራል፤ ጉድፍም ካለ ይወጣለታል። ኩባያዋን ሳልነቀንቅ ሞላኋት፤ አናቷን በቢላ ጠረግኩና ሚዛኑ ላይ ገለበጥኩት። መቶ ግራም። ሚዛኑ አዲስ ነው፣ ገና አልለመደ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። መቶ። ስኳር መቶ ሰማንያ አምስት። ካካዎ ሰባ፤ እሱንም እነፋዋለሁ።

የቢሮው ሠንጠረዥ፦ ዱቄት መቶ ሃምሳ፣ ስኳር ሁለት መቶ፣ ካካዎ መቶ አሥር። ተቆጣጣሪው ልጅ እንዴት እንደሚሰፍር አይቻለሁ። ማኅተም ያለበትን ኩባያ ይሞላል፣ ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል፣ በአውራ ጣቱ ይጠቀጥቃል፣ እንደገና ይሞላል። ዱቄት የሚሰፍር ሳይሆን ሻንጣ የሚያጭቅ ነው የሚመስለው።

በእርጋታ አሰብኩበት። እኔ መቶ ብዬ ብለጥፍ፣ ማዶ ያለው ነጋዴ መቶ ሃምሳ ብሎ ቢለጥፍ፣ ሰው ሁለቱን አይቶ መቀነስ ይጀምራል። ሰው ደግሞ መቀነስ ከጀመረ የዛሬውን ብቻ ቀንሶ አይቆምም። የቢሮውን ከለጠፍኩ ግን ሕግ አከበርኩ። በዚያ ላይ ሦስት ኩባያ የሚል ሰው ሦስት መቶ ሳይሆን አራት መቶ ሃምሳ ግራም ይገዛኛል። ሕግ አክባሪ ይጠቀማል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

ኩባያዋ ጠፋች። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጨርቆቹ ሥር።

ጥቅምት 10

ጠዋት፦ ዱቄት አርባ አራት ኩባያ፣ ስኳር ሃያ።

እትዬ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ኬክ ጋግራ ለካፌዎች ታስረክባለች፤ ከእኔ ሱቅ የእሷን ያህል የሚገዛ የለም። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ትልቁ ሆቴል ጠራኝ! የካካዎ ኬኬን ሼፉ ቀምሶታል። ደግሜ ጋግሬለት ከወደደው የየቀኑን ኬክ እኔ ነኝ የማቀርበው፤ ምድጃ ያለው ክፍልም ይሰጡኛል።»

ክፍሉ ነው ዋናው ነገር። አሁን የምትጋግርበትን ቤት አከራይዋ ለመኪናው ማቆሚያ ሊያደርገው ነው፤ እስከ ኅዳር አሥር ልቀቂ ብሏታል። ሆቴሉ ካልሆነ የት ትሄጃለሽ አልኳት።

«አንቺ ጋ ነዋ! የት ልሄድልሽ?»

እህቴን እወዳታለሁ። ባለፈው ጊዜ እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንት ስትሰነብት የወጥ ቤቴን ዕቃ ሁሉ ቦታ ለውጣ ሄደች፤ ጭልፋዬን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሼፉ አንድ ነገር ጠይቋታል፤ አሠራሩን በግራም ጽፋ እንድታመጣ፣ በዚያው ልክም እንድትጋግርለት። በኩባያ የተጻፈ አላይም ብሏታል። «እኔ ግራም የት አውቃለሁ? ሁልጊዜ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ነው የምልሽ። ቀይሪልኝ» አለችኝ።

ሠንጠረዡን ሰቅዬው ነበር። አራት መቶ ሃምሳ፣ አራት መቶ፣ መቶ አሥር ብዬ ጻፍኩላት። ሌላ ምን እጽፍላታለሁ? ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው።

ጥቅምት 15

እስከ ረፋድ፦ ዱቄት ስድስት ኪሎ ተኩል። በግራም የመጀመሪያው ቀን። ግርግር። ሚዛኑ አንድ ጊዜ ጠፋ፣ ባትሪ። ምሳ አልበላሁም።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ከረጢቷን በእጇ አንሥታ፣ «ኧረ! ይሄን ያህል ነበር እንዴ ስትሰጪኝ የኖርሽው? እኔ እኮ ቀለል ይለኝ ነበር። ለካ ስታጠግቢን ነው የኖርሽው!» አለች።

እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።

ጥቅምት 17

ጠዋት፦ ዱቄት ሰባት ኪሎ፣ ስኳር አራት።

ልብስ ሰፊዋ ኬኳን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ኩፍ አላለም። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ድምፅ አለው። የሰፈሩ መካኒክ በተራው፣ «የእኛ ቤቱ ይሻላል። መኪና በክሪክ አንሥቼ ከሥሩ አስገባሁት፣ ፍንክች አላለም» አለ። ሱቁ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ምክንያቱ ምን ይሆን ብለው ተከራከሩ። አንዱ መብራቱ ቀንሷል አለ። አንዷ ከሚዛኑ ሥር የሚወጣው ጨረር ዱቄቱን ይገድለዋል አለች፤ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁላት። እኔ ሚዛኑን ወለወልኩ። በነገር መሐል የሚገባ ነጋዴ አልወድም።

የልብስ ሰፊዋን ኬክ ባለቤቴ በሻይ ነክሮ ጨረሰው። መዝኖ።

ጥቅምት 20

እትዬ ሼፉ ዘንድ ደርሳ መጣች። አልሰደባትም። ሹካ ኬኩ ላይ ሰካበትና ለቀቀው። ሹካው ቆሞ ቀረ። ሼፉ ሹካውን አየ፣ እሷን አየ፣ «ይህ እኔ የቀመስኩት ኬክ ነው?» አላት። ሌላ አንድ ቀን ሰጥቷታል።

«እጄ ከዳኝ» አለች። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። «ስንት ዘመን ሳይሳሳት የኖረ እጅ። አረጀሁ መሰለኝ።»

አየሩ ነው አልኳት። ሰሞኑን ይበርዳል።

እራት አላሰኘኝም። ምሳ ከብዶኝ ይሆናል።

ጥቅምት 24

ጠዋት፦ ዱቄት አምስት ኪሎ። ቀንሷል። ሰው መጋገር እየፈራ ነው።

ሱቅ ልዘጋ ስል ተቆጣጣሪው መጣ፣ ያለ ክራቫት። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ በዚያች በድሮዋ ኩባያ ሦስት ዱቄት አይሰፍሩልኝም? ባለቤቴ በግራም አልሆንላት አለ። ዛሬ እናቷ ይመጣሉ።»

«በኩባያ መሸጥ ክልክል ነው» አልኩት።

«እኔ እኮ አሁን እንደ ሰው ነው የመጣሁት።»

«እኔም እንደ ሰው ነው እምቢ የምልህ። ደግሞ ኩባያዋ ጠፍታለች።»

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ለእማማው ነው።

ጥቅምት 26

ኩባያዋን መፈለግ ጀምረዋል! ልብስ ሰፊዋ ዋና አስተባባሪ ሆናለች። መካኒኩ ጋራዡ በር ላይ «የጠፋች የቆርቆሮ ኩባያ፣ ቂጧ ገባ ያለ፣ ላገኘ ወሮታ ይከፈላል» ብሎ ጽፏል። ቂጧን ሁሉም ያውቃል ለካ። ዛሬ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ኩባያ ይዘው መጥተው «ይቺ ናት?» አሉኝ። የእኔዋ የት እንዳለች ባላውቅ ኖሮ በአንዷ እኔም እጠራጠር ነበር፣ ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው።

ታችኛውን መሳቢያ ቆለፍኩት።

ጥቅምት 28

እትዬ ሁለተኛውንም አበላሸች። አበላሸች ማለት፣ እንደተጻፈላት ጋገረች። ሼፉ የመጨረሻ ብሎ ለኅዳር አራት ቀጥሯታል። አከራይዋ ሜትር ይዞ ገብቶ ወለሉን ለክቶ ሄዷል።

ሁለት ሻንጣዎቿን ሳሎናችን አስቀምጣ እኛው ዘንድ ማደር ጀመረች፣ «ለጊዜው» ብላ። የወጥ ቤቴን ግድግዳ በስንዝር ስትለካ አየኋት። ባለቤቴ በደስታ ያግዛታል፤ ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ ይወድዳል።

ለእጇ ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ጅማት ነው ብለዋታል። ጠዋት ማታ በሙቅ ውኃ እየዘፈዘፈች የምትቀባው ነገር ሰጥተዋታል። ሽታው ቤቱን ሞላው። መስኮት ከፈትኩ። አልወጣም።

ኅዳር 1፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። ሽታው ነው።

እንደ ንግድ ካሰብኩት ነገሩ ቀላል ነው። እህቴ ሆቴሉን ካጣች ትልቋ ደንበኛዬ ጠፋች። ሆቴሉን ካገኘች በየሳምንቱ በጆንያ ትገዛኛለች። እዚህ ጨርሳ ከገባች ደግሞ ወጥ ቤቴ ሄደ። ስለዚህ ትክክለኛውን ቁጥር ልስጣት ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ ከሌላ ከምንም አይደለም። ከምሽቱ ጀምሮ ሙቅ ውኃ ውስጥ እጇን ነክራ ስለተቀመጠችም አይደለም።

ወጥ ቤት ገብቼ፣ «እትዬ፣ ዱቄቱን ትንሽ ብትቀንሺውስ?» አልኳት።

«ስንት?»

«ሲሶውን።»

«ሲሶ! ሲሶ ትንሽ ነው? አንቺ ዛሬ ምን ነክቶሻል?»

«ሦስት መቶ አድርጊው። ስኳሩን ሦስት መቶ ሰባ። ካካዎውን ሰባ።»

እጇን ከውኃው አወጣች። «ሰባ? ሰባ አምስት አይሆንም?»

«ሰባ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ» አለች። እጇን ጠረገች። ከዚህ በላይ ምን እንድትል እንደፈለግኩም አላውቅም።

ኅዳር 4

ኩፍ አለ! ሼፉ ሁለት ቁራሽ በላ፣ ሦስተኛውን ለሥራ አስኪያጁ ላከ። ውሉን ፈርማለች፣ የክፍሉንም ቁልፍ ተቀብላለች። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን ተሸክሞ ሲወጣ ቅር ብሎታል።

መጣደፍ አለብኝ፣ ሰው ቆሟል።

ኅዳር 6

ጠዋት፦ ዱቄት አራት ኪሎ፣ ስኳር ስድስት። የተገላቢጦሽ ሆነብኝ።

ምክንያቱ ታወቀ። እትዬ ለልብስ ሰፊዋ፣ «እህቴ የሰጠችኝን ቁጥር ሞክሪው» ብላ ነግራታለች። ልብስ ሰፊዋ ጋገረች፤ ኩፍ አለ። ለመካኒኩ ሚስት ነገረች። እስከ ምሳ ሰዓት ሱቁ በሰው ተሞላ። «አንዱ ኩባያ መቶ ግራም ነው አሉ፣ ግድግዳሽ ለምን መቶ ሃምሳ ይላል?»

ቀዝቀዝ ብዬ መለስኩላቸው። መቶ ሃምሳው የቢሮው ነው፤ ለትልልቅ ምድጃ የወጣ ነው። የእኛ ሰፈር ምድጃ ደካማ ስለሆነ ዱቄት ይከብደዋል። እኔ ስሰፍር ስለኖርኩ ምን ያህል እንደሚበቃው እጄ ያውቃል፤ ያን አስታውሼ ነው ወደ ግራም የለወጥኩት። ይህን ሁሉ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የተናገርኩት፤ ግን ስጨርስ እኔም አመንኩት ማለት ይቻላል። ወዲያው በትልቁ ጻፍኩና «የሰፈራችን ልክ» ብዬ ከቢሮው ጎን ለጠፍኩት።

መካኒኩ፣ «ሰው ዱቄት ቀንሱ የሚል የዱቄት ነጋዴ አይቶ ያውቃል? በራሷ ገበያ እኮ ነው የፈረደችው!» አለ። ልብስ ሰፊዋ ጉንጬን ሳመችኝ።

እትዬ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሳትገዛ ሄደች።

ኅዳር 8

ተቆጣጣሪው መጣ፣ በክራቫቱ። ደንግጬ ነበር። ለካ የባለቤቱ ኬክ ኩፍ ብሎ አማቱ መርቀውታል። ነጋዴዎች በሙሉ ነገ በአዳራሹ ይሰበሰባሉ አለኝ፤ የልኬት ኮሚቴ ይመረጣል። «እርስዎን ነው የምጠቁመው። በኩባያና በግራም መካከል ያለውን ችግር በራስዎ ዕውቀት የፈቱ እርስዎ ብቻ ነዎት።» እማማ አላለኝም።

ኅዳር 9፣ ማታ

ሰብሳቢ ሆንኩ። ማንም አልተቃወመም፤ ማዶ ያለው ነጋዴ እንኳ እጁን አወጣ። ተቆጣጣሪው ለአዳራሹ ሙሉ፣ «ሐቀኛ ነጋዴ ኩባያዋ ቢጠፋም ልኳ አይጠፋም» ብሎ ተናገረ። ጭብጨባው ቆየ። እትዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እጇ ድኗል፤ ግን አላጨበጨበችም።

ስንወጣ ጠበቀችኝ። አብረን መንገዱን ያዝን።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ኩባያዋ ከጠፋች ቆየች አይደል?»

«ቆየች።»

«ታዲያ ሰባና ሰባ አምስትን እጅሽ በምን ለየው?»

የመንገድ መብራቱ ሥር ደርሰን ነበር። ጫማዬን አየሁ። አቧራ ይዟል።

«ሦስት ኩባያ ሦስት መቶ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «በግድግዳሽ ከሄድን ይሄ ሁለት ኩባያ ነው። በየቀኑ ሦስት ብዬ ከፍዬ፣ ሁለት ይዤ ነበር ቤቴ የምገባው። እሺ እሱስ ይሁን። ነጋዴ ነሽ። እጄን በሙቅ ውኃ ስዘፈዝፍ እኮ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነበር።»

«ነግሬሻለሁ እኮ» አልኳት።

«ሁለት ኬክ ከተበላሸ በኋላ።»

ሥራ አለብኝ ብዬ ልሰናበታት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። እህቷ የሰፈረችላትን ሳታይ የኖረች ሞኝ እንዳይሉኝ ነው። ዱቄትም ከአንቺው ነው የምገዛው፤ ከሌላ ብገዛ ሰው ለምን ይለኛል። ነገ ሃያ ኪሎ አምጪልኝ። ሚዛኑን ይዘሽ ነይ፤ ፊቴ ነው የምትመዝኚው።»

«የሱቁን ሚዛን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰብሳቢ አይደለሽ? እየዞረች ትመዝናለች ይሉሻል።»

ገብቼ ዱቄቱን አዘጋጀሁ። አልነፋሁትም። ሃያ አንድ ኪሎ ከተትኩ፤ በመንገድ የሚፈስ አይጠፋም። ባለቤቴ አንድ ኪሎ ተርፏል ብሎ ሊያወጣው ነበር፤ ተወው አልኩት።

ነገ፦ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት ዱቄቱን ለእትዬ ማድረስ። የሚዛኑን ባትሪ መቀየር። ለዱቄቱና ለሚዛኑ ጋሪ መጥራት።